ብዕር የያዘ ባርድ፦ ለጸሐፊ ገጸ ባሕርይ የትኛው ኮሌጅ ይሻላል?

ለሐዋሳ ጓደኞቼ በምንጫወተው የተረት ጨዋታ ውስጥ ያለው ባርድ ምን እንደሆነ ለማስረዳት አንድ ቃል በቂ ነበር፤ አዝማሪ አልኳቸው። ወዲያው ገባቸው። መሰንቆውን ይዞ ከድግስ ድግስ የሚዞር፣ በአንድ ስንኝ አወድሶ የሚሸለም፣ በሌላው ስንኝ ደግሞ ባለ ድግሱን እያሳቀ የሚሰድብ ሰው ለኢትዮጵያዊ እንግዳ አይደለም። ነገሩ የተወሳሰበው ከሁለት ቅዳሜ በኋላ ነው። አንዷ የጨዋታ ጓደኛችን ገና ያልተሞላውን የገጸ ባሕርይ ወረቀቷን ወደ መሃል ገፋ አደረገችና «እኔ አዝማሪ መሆን አልፈልግም፤ ደብተራ ነው መሆን የምፈልገው። መዝፈን ሳይሆን መጻፍ» አለች።

ጨዋታውን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ፦ «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» ጌሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን እ.ኤ.አ. በ1974 ያወጡት፣ በጠረጴዛ ዙሪያ በቃልና በዳይስ የሚካሄድ የተረት ጨዋታ ነው። አንድ ሰው የጨዋታው መሪ ሆኖ ዓለሙን ይተርካል፤ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይዘው በዚያ ዓለም ውስጥ ይንቀሳቀሳሉ። ባርድ ከገጸ ባሕርይ ዓይነቶቹ አንዱ ነው፤ ድግምት ይደግማል፣ ጓደኞቹን ያበረታታል፣ ከሁሉም ሙያ ትንሽ ትንሽ ያውቃል። ሦስተኛ ደረጃ ላይ ሲደርስ አንድ «ኮሌጅ» ይመርጣል። ኮሌጅ ሲባል ሕንፃና ሬጅስትራር ያለው ትምህርት ቤት አይደለም፤ የሙያ ዘር ነው፤ ቅኔ ተማሪዎች የዋሸራ ቤት፣ የዋድላ ቤት እንደሚሉት ያለ።

በታተሙት መጻሕፍት ውስጥ «የጸሐፊ ኮሌጅ» የሚባል የባርድ ኮሌጅ የለም። ስለዚህ ደብተራ መሆን የሚፈልግ ተጫዋች ለሌላ ሰው ልክ ከተሰፉ ልብሶች መካከል ለራሱ የሚስማማውን መምረጥ አለበት፤ አለበለዚያ በልኩ ማሰፋት ነው። እኛ ሁለቱንም ሞክረናል። ከዚህ በታች የማነጻጽራቸው አራት የባርድ ኮሌጆች፣ አንድ የዊዛርድ (ድግምቱን ከመጽሐፍ የሚያጠና ሌላ የገጸ ባሕርይ ዓይነት) ዘርና አንድ እኛው ያበጀነው ኮሌጅ ናቸው። ቁጥሮቹ እ.ኤ.አ. ከ2014ቱ አምስተኛ እትም ደንብ የተወሰዱ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2024 በታደሰው መመሪያ አንዳንዶቹ ተለውጠዋል።

መጀመሪያ መሰንቆውን እናስቀምጥ

በደንቡ መሠረት ባርድ ድግምቱን የሚደግምበት ዕቃ የሙዚቃ መሣሪያ ነው፤ ሥራውን ሲጀምርም ሦስት መሣሪያዎች መጫወት ይችላል። ጸሐፊ የሚፈልግ ሰው የመጀመሪያው እንቅፋት ይኸው ነው። መውጫው ግን ቀላል ነው። የድግምት ቅመም የሚያዝበትን ከረጢት በ25 የወርቅ ሳንቲም መግዛት ይቻላል፤ ከዚያ በኋላ መሰንቆ አያስፈልግም። ከዚህም የሚሻለው የጨዋታውን መሪ «በመሰንቆው ፈንታ ብዕርና የቀለም ቀንድ ልያዝ» ብሎ መጠየቅ ነው። አንድ እጅ ይይዛል፣ ሊጠፋም ሊሰረቅም ይችላል፣ ስለዚህ ከመሣሪያው የተለየ ጥቅም አይሰጥም። መሪው ካንገራገረ ምሳሌ ጥቀሱለት፤ ኋላ የማነሣው የመናፍስት ኮሌጅ በሻማ ወይም በራስ ቅል ጭምር ድግምት እንዲደገም ይፈቅዳል።

አንድ ነገር ግን አይለወጥም፤ ድምፅ። አብዛኛው የባርድ ድግምት በቃል መነገር አለበት። አፉ የታሰረ ጸሐፊ፣ ቀለሙ የቱንም ያህል ቢጠቁር፣ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። ይህን እንደ ጉድለት ባላየው እመርጣለሁ። ደብተራም ቢሆን ይጽፋል እንጂ ዝም አይልም፤ ቆሞ ይዘምራል፣ ይቀኛል።

ለአስተዳደግ ታሪኩ ብዙ ማሰብ አያስፈልግም። በ2014ቱ መመሪያ «ሴጅ» የተባለው የሊቅ ታሪክ ሁለት ተጨማሪ ቋንቋዎች፣ አንድ ጠርሙስ ጥቁር ቀለም፣ ብዕር፣ ትንሽ ቢላዋና የሞተ የሥራ ባልደረባ ገጸ ባሕርይው እስካሁን ያልመለሰውን ጥያቄ የጻፈበት ደብዳቤ ይሰጣል። ከዚያ ደብዳቤ የተሻለ የጸሐፊ ታሪክ መነሻ እኔ አላየሁም።

ብዕሩ መቼ ነው የሚሠራው?

ኮሌጆቹን በስማቸው ከመረጣችሁ ትሳሳታላችሁ። እኛም ተሳስተናል። በዚህ ጨዋታ አንድ የውጊያ ዙር ስድስት ሰከንድ ነው፤ በስድስት ሰከንድ ስማችሁን እንኳ በወጉ አትጽፉም። ስለዚህ የጸሐፊ ገጸ ባሕርይ ዋና ጥያቄ «ምን ይጽፋል?» ሳይሆን «ጽሑፉ ሥራውን የሚሠራው መቼ ነው?» የሚለው ነው። ከውጊያው በፊት ጠዋት ተጽፎ የተቀመጠ ነው? ወይስ ቀድሞ የተነበበ ሆኖ በውጊያው ሰዓት በአፍ የሚወጣ? ወይስ ሲጻፍ ወዲያው ነገሩ ብቅ የሚል? እያንዳንዱ ኮሌጅ ለዚህ ጥያቄ የተለየ መልስ አለው፤ ተጫዋቹ የሚደሰተው ወይም የሚሰለቸውም በዚሁ ነው።

የዕውቀት ኮሌጅ

በመጽሐፉ «ኮሌጅ ኦፍ ሎር» የተባለው ነው። ሦስተኛ ደረጃ ላይ ሦስት ተጨማሪ ሙያዎችን ይሰጣል፤ ታሪክ፣ ሃይማኖት፣ የድግምት ዕውቀት ብላችሁ ብትሞሉት ሊቁ ተሠራ ማለት ነው። ዋናው ግን «ከቲንግ ዎርድስ» የሚባለው ችሎታ ነው። በ60 ጫማ ርቀት ውስጥ ያለ ጠላት ዳይስ ጥሎ ሊመታችሁ ሲል፣ ወይም የመታውን ጉዳት ሲቆጥር፣ ከማበረታቻ ዳይሶቻችሁ (ባርድ ለጓደኛው እየሰጠ ውጤቱን ከሚያሳድግባቸው ዳይሶች) አንዱን ታወጡና ውጤቱን ከእርሱ ላይ ትቀንሳላችሁ። በአማርኛ ስሙ አሽሙር ነው። ጠላት ሰይፉን ሲያነሣ አንዲት ቃል ጣል ታደርጉበታላችሁ፤ እጁ ይንቀጠቀጣል። ቃሉን የማይሰማ ፍጡር ላይ ግን አይሠራም፤ ይህም ተገቢ ነው፤ ደንቆሮን ማሽሟጠጥ ትርፉ ድካም ነው።

ዳይሱ ሦስተኛ ደረጃ ላይ ባለ 6 ገጽ ነው፤ በአማካይ 3 ተኩል ይቀንሳል። ሞገሳችሁ (የገጸ ባሕርይው የመማረክ ችሎታ በቁጥር) 16 ከሆነ በቀን ያላችሁ ሦስት ዳይስ ብቻ ነው። ከአምስተኛ ደረጃ ጀምሮ በአጭር ዕረፍትም ስለሚመለሱ ነገሩ ይሰፋል፤ እስከዚያ ግን ለጓደኛ ማበረታቻ የምትሰጡትም ጠላትን የምታሽሟጥጡበትም ከአንዱ ጉድጓድ የሚቀዳ ነው። በዚህ ጊዜ የሚያሳስበው ቁጥሩ ሳይሆን ንፍገቱ ነው። አንዳንድ ተጫዋች «ለኋላ ይጠቅመኛል» እያለ ሦስቱንም እንደያዘ ቀኑ ያልቅበታል።

ይህን ኮሌጅ ለደብተራ ከሁሉ አስቀድሜ የማነሣበት ምክንያት ግን ከኮሌጁ ውጭ ነው። በባርድ የድግምት ዝርዝር ውስጥ «ኢሉዥሪ ስክሪፕት» የሚባል የመጀመሪያ ደረጃ ድግምት አለ። ብዙ ተጫዋች አይቶት ያልፋል። እኔ ሳነበው ሣቄ መጣ፤ ምክንያቱም ሰምና ወርቅ ነው። 10 የወርቅ ሳንቲም የሚያወጣ እርሳስ የገባበት ቀለም ትወስዳላችሁ፣ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ትጽፋላችሁ፤ የመረጣችኋቸው ሰዎች እውነተኛውን መልእክት ያነባሉ፣ ሌላው ሁሉ ከፈለጋችሁ ፍጹም የተለየ መልእክት ያያል። ለ10 ቀን ይቆያል። ዘበኛው «ለጌታዬ የተላከ የማር ግብር ዝርዝር» ብሎ ያሳልፈዋል፤ ጓደኛችሁ «ሌሊት በምሥራቁ በር ጠብቀኝ» የሚለውን ያነባል። ሰሙ ለዘበኛው፣ ወርቁ ለወዳጅ። በሥርዓት፣ ማለትም ረዘም ባለ ጊዜ፣ ከተደገመ የድግምት አቅም (በቀን የሚደገመው ድግምት የተቆጠረ ነው) እንኳ አይወስድም፤ የሚወስደው ቀለም ነው።

ከፍ ሲል «ሴንዲንግ» የሚባለው ድግምት በ25 ቃላት የተወሰነ መልእክት ወደ ሩቅ ሰው ይልካል። እኛ ጋ ጓደኛችን በጣቷ እየቆጠረች በአማርኛ ታዘጋጀው ነበር፤ ግሣችን ባለቤቱንም ተሳቢውንም በአንድ ቃል አጭቆ ስለሚይዝ በ25 የአማርኛ ቃል የሚባለው ነገር ብዙ ነው። መሪያችን ይህ ደንቡን ማጭበርበር ነው ወይ ብሎ ሁለት ቅዳሜ አሰበበትና ተወው። ስድስተኛ ደረጃ ላይ ደግሞ የዕውቀት ኮሌጅ ከማንኛውም የድግምት ዝርዝር ሁለት ድግምት መዋስ ይፈቅዳል፤ ሰው ቤት መጽሐፍ ተውሶ የሚያነብ ሊቅ ማለት ነው።

ሌላም ተግባራዊ ነገር አለ። የደንቡ መሠረታዊ ክፍል እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ በክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ በነፃ ተለቋል፤ በዚያ ውስጥ የተካተተው የባርድ ኮሌጅ አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም የዕውቀት ኮሌጅ ነው። የውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ለሌለው የሐዋሳ ተጫዋች ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ፋይሉን በነፃ አውርዶ የባርዱን ገጾች ብቻ ፎቶ ኮፒ ቤት ማሳተም ይበቃል።

የአንደበት ኮሌጅ

«ኮሌጅ ኦፍ ኤሎኩዌንስ» እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ ነው፤ በብዙ ተጫዋች ዘንድ ከሁሉም የበረታ ተብሎ ይወራለታል። ሒሳቡን እንየው። ማሳመን ወይም ማታለል ሲፈልግ በባለ 20 ገጹ ዳይስ ከ9 በታች ወይም 9 ቢወጣም እንደ 10 ይቆጠርለታል። ሦስተኛ ደረጃ ላይ ሞገሱ 16 የሆነና በማሳመን የተካነ ባርድ ከሞገሱ 3፣ ከተካነበት ሙያ 4 ይጨምራል፤ ስለዚህ ዝቅተኛ ውጤቱ 17 ነው። መካከለኛ የሚባለውን ችግር ለማለፍ የሚያስፈልገው 15 ነው። ይህ ማለት ሰውዬው መካከለኛ ችግር ላይ ጨርሶ አይወድቅም። ከባድ የሚባለውን 20ን ለማለፍ ደግሞ 13ና ከዚያ በላይ ማውጣት አለበት፤ ከ20ው ገጽ 8ቱ፣ ማለትም 40 በመቶ።

በውጊያም እንደዚሁ ነው። አንድ ማበረታቻ ዳይስ አውጥቶ፣ ጠላት ቀጥሎ የሚመጣበትን ድግምት ለመቋቋም ከሚጥለው ዳይስ ላይ ይቀንሳል። ስድስተኛ ደረጃ ላይ ለጓደኛ የሰጠው ማበረታቻ ካልሠራ ዳይሱ አይጠፋም።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ካነበባችሁ በኋላ የምላችሁ፦ ለጸሐፊ አትምረጡት። ኃይለኛ ነው፤ ኃይሉ ግን የምላስ ነው። ጓደኛችን ሦስት ቅዳሜ ሞከረችው፤ ገጸ ባሕርይዋ ብዕሯን አንድ ጊዜ እንኳ አላወጣችም፤ ምን አስቸገራት? ሁሉንም በአፏ ትጨርሰዋለች። ዳይሱም አይጥላትም፤ የማይወድቅ ሰው ደግሞ መጻፍ አያስፈልገውም።

ኮሌጁ ትክክለኛ ባለቤቱን ያገኘው ከእርሷ ቀጥሎ ነው። ሲዳምኛ አፉን የፈታበት ጓደኛችን ወሰደው። የእርሱ ገጸ ባሕርይ በሶንጎ፣ በሽማግሌዎች ሸንጎ፣ ጥግ ተቀምጦ እየሰማ ያደገ ልጅ ነው፤ ነገር ሲጀምር «አፊኒ?» ብሎ፣ ሰምታችኋል ወይ ብሎ፣ ተራውን ጠብቆ ነው። አንድም ፊደል አይጽፍም። ከቃል የተሠራ ባርድ ማለት እርሱ ነው። በዚያ ገጸ ባሕርይ እጅ ያ የማይወድቅ 17 የሽማግሌ ክብደት ሆኖ ታየን።

የመናፍስት ኮሌጅ

«ኮሌጅ ኦፍ ስፒሪትስ» እ.ኤ.አ. በ2021 የአስፈሪ ታሪክ ዓለምን በሚመለከት መጽሐፍ የታተመ ነው። ከወዲያኛው ዓለም ተረት ይቀበላል፦ ማበረታቻ ዳይሱን አውጥቶ ይጥላል፣ የወጣው ቁጥር ከሰንጠረዡ አንድ ተረት ይሰጠዋል፣ ተረቱን ለአንድ ሰው ይነግረዋል፣ ተረቱ አንድ ውጤት ያመጣል። የመጀመሪያው የብልህ እንስሳ ተረት ነው፤ ቀበሮና ጦጣ ሲያሞኙ እየሰማ ላደገ ሰው ቤቱ ነው። ሰንጠረዡ 12 ተረት አለው፤ ባለ 6 ገጽ ዳይስ በያዛችሁበት ዘመን ግን ከመጀመሪያዎቹ ስድስት አታልፉም።

ለጸሐፊ ይሆናል? በከፊል። ተረቱን የሚመርጠው ዳይሱ እንጂ ተጫዋቹ አይደለም። ይህን የሚወድ አለ፤ የመጣለትን የሚጽፍ፣ ብዕሩ ራሱ የሚሄድለት ዓይነት ሰው። ጥንቅቅ አድርጎ አስቦ መጻፍ ለሚወድ ግን ያበሳጫል።

በእኛ አካባቢ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። የምንጫወተው ከአሞራ ገደል ራቅ ብሎ ባለ የአንድ ጓደኛችን ቤት ነው። እናቱ ቡና እያፈሉ ይሰማሉ። አንድ ቅዳሜ መሪያችን «የሙታን መንፈስ በራስ ቅሉ ላይ ያንሾካሹካል» ሲል ረከቦቱን አስቀምጠው መጡ።

«ልጆቼ፣ ይኼ ነገር ጥንቆላ ነው እንዴ?»

«ተረት ነው፣ እማማ።»

«ተረት ከሆነ ዳይስ ምን ያደርግለታል?»

መልስ አልነበረንም። በቀጣዩ ቅዳሜ የራስ ቅሉ በሻማ ተተካ፤ ሻማም በደንቡ ውስጥ አለ። ቢሆንም ከጠረጴዛው ዙሪያ አንድ ሰው እንኳ መናፍስት መጥራት፣ በጨዋታም ቢሆን፣ ልቡን የሚከብደው ከሆነ ይህን ኮሌጅ ተዉት። ለአንድ ገጸ ባሕርይ ተብሎ ጓደኛ አይቀየምም።

የፈጠራ ኮሌጅ እና የጸሐፍት ሥርዓት

እነዚህን አሳጥራለሁ። የፈጠራ ኮሌጅ፣ «ኮሌጅ ኦፍ ክሪኤሽን»፣ ዋጋው ከባርዱ ደረጃ በ20 እጥፍ ያልበለጠ የወርቅ ሳንቲም የሆነ ዕቃ ከምንም ይፈጥራል፤ ሦስተኛ ደረጃ ላይ እስከ 60፤ ለሁለት ሰዓት። «መሰላል» ብሎ ጻፈ፤ መሰላል ሆነ። ሲያስቡት ያማልላል፤ ነገር ግን በቀን አንዴ ነው፤ መድገም ከፈለገ ሁለተኛ ደረጃ ወይም ከዚያ በላይ የሆነ የድግምት አቅም ይከፍላል። ከሦስት ሳምንት በኋላ ጸሐፊው የመሣሪያ መጋዘን ጠባቂ ይመስላል። ጨዋታችሁ መውጣት፣ መሻገርና ሰብሮ መግባት ከበዛበት ግን ይካሳል።

«ኦርደር ኦፍ ስክራይብስ» የባርድ ሳይሆን የዊዛርድ ዘር ነው፤ ስሙን አይተው የሚሳሳቱ ስላሉ ነው ያስገባሁት። ቀለም የማያስፈልገው የድግምት ብዕር አለው፤ መጽሐፉ ሕይወት ያለው ነው፤ የአንዱን ድግምት የጉዳት ዓይነት በሌላው ይለውጣል። ሲጽፍ ውሎ ሲጽፍ ያድራል። ነገር ግን የሚጽፈው ለራሱ ነው፤ ጽሑፉን የሚያነብለት ሰው የለም፤ ጓደኛውን በቃል የሚያነሣበት ዳይስም የለውም። ብራናውን ሣጥን ውስጥ ቆልፎ ቁልፉን አንገቱ ላይ ያሰረ መምህር ነው። ጓደኛችን አንድ ገጽ አንብባ መለሰችው።

በልክ ማሰፋት

በመጨረሻ የራሳችንን ኮሌጅ አበጀን፤ የብራና ኮሌጅ አልነው። የመጀመሪያውን አወድቀናል፤ እንዴት እንደወደቀ መናገር ከሠራው የበለጠ ይጠቅማችሁ ይሆናል።

መጀመሪያ የጻፍነው ችሎታ እንዲህ ይል ነበር፦ በቀን አንድ ጊዜ ከአሥር ቃል ያልበለጠ ዓረፍተ ነገር ይጽፋል፤ የጻፈውም ይሆናል። እንዴት ያምራል! መሪያችን ለአንድ የምሽግ ከበባ ሦስት ሳምንት ተዘጋጅቶ ነበር፤ ካርታ ሥሏል፣ የዘበኞች ስም አውጥቷል። ጓደኛችን ወረቀቷን ወሰደችና ጻፈች፦ «የምሽጉ በር ከውስጥ ተከፈተ።» ከበባው አቦሉ ሳይቀዳ አለቀ። መሪያችን ካርታውን አጥፎ ቦርሳው ውስጥ ከተተና እስከ በረካው ድረስ ቃል አልተነፈሰም።

ከዚያ የተማርነው፦ አዲስ ችሎታ ስትጽፉ የታተመ ወንድሙን ፈልጋችሁ አጠገቡ አስቀምጡት። በስንተኛ ደረጃ ነው? ምን ያስወጣል? በቀን ስንት ጊዜ? ሌላው ተጫዋች ምን ይቀርለታል? የእኛ ዓረፍተ ነገር አጠገቡ የሚቀመጥ ወንድም አልነበረውም፤ ለዚያ ነው የወደቀው።

ሁለተኛው ይኸው ነው። በሦስተኛ ደረጃ «ሰምና ወርቅ»፦ ማበረታቻ ዳይሱን ለጓደኛ ስትሰጡ በእውነተኛ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ እንደ ክታብ አጥፋችሁ ትሰጡታላችሁ። ሰሙ ዳይሱ ነው፤ እንደ ወትሮው ይጨመርለታል። ከታጠፈው ውስጥ ግን ጓደኛው ሳያይ ዳይሱ የሚያስፈልገው በምን ሥራ ላይ እንደሚሆን በአንድ መስመር ትጽፋላችሁ፤ «ሲዋሽ»፣ «ግድግዳ ሲወጣ»፣ «የጌታውን ፊት ሲያይ»። ዳይሱን የተጠቀመበት ለዚያ ከሆነ ሁለት ጊዜ ጥሎ የተሻለውን ይወስዳል። ወንድሙ የፈጠራ ኮሌጅ ነው፤ እዚያም ማበረታቻው በሙያ ፈተና ላይ ሲውል ሁለት ጊዜ ተጥሎ የተሻለው ይወሰዳል። የእኛው መገመት ይጠይቃል፤ ስለዚህ ያነሰ እንጂ የበለጠ አይደለም። በአንድ ጊዜ ከአንድ ክታብ በላይ መያዝ አይፈቀድም።

በስድስተኛ ደረጃ «ቀይ ቀለም»። በመጀመሪያው ረቂቅ የጠላትን ስም በቀይ ጽፎ ማዳከም ነበር። በልጅነቱ ቄስ ትምህርት ቤት የዋለው ጓደኛችን ተቆጣ፦ «በብራና ላይ ቀይ ቀለም የሚውለው ለቅዱሳን ስም ነው፤ የጠላት ስም በቀይ አይጻፍም!» ልክ ነበር፤ ጨዋታውም በእርሱ ምክንያት ተሻሻለ። አሁን ጠዋት ከረጅም ዕረፍት በኋላ የአንድ ጓደኛን ስም በቀይ ትጽፋላችሁ፤ በዚያ ቀን ያ ሰው ድግምትን ለመቋቋም ጥሎ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲወድቅ አንድ ማበረታቻ ዳይስ ይጨመርለታል፤ ከእናንተ ዳይስ ግን አይጎድልም። አንድ ቅድመ ሁኔታ ብቻ አለ፤ የሰውየውን እውነተኛ ስም ማወቅ አለባችሁ። ክታብ በክርስትና ስም ይጻፋል እንደሚባለው። በእኛ ቡድን ውስጥ ስሙን የደበቀ አንድ ሌባ አለ፤ እስካሁን በቀይ አልተጻፈም፤ አልነግርም ብሏል።

ብዕሩ የሚሠራው ጠዋት ነው፤ የተጻፈው የሚፈታው ከሰዓት በኋላ ነው። በመካከሉ ያለው ጥርጣሬ ነው ጸሐፊውን ጸሐፊ ያደረገው። ከታተሙት ኮሌጆች ይህን የሚሰጥ አላገኘንም።

እንግዲህ የትኛው?

ጨዋታውን ገና የምትጀምሩ ከሆነ የዕውቀት ኮሌጅን ያዙ፤ ነፃ ነው፣ የተፈተነ ነው፣ ከሰምና ወርቁ ድግምት ጋር ደብተራ ለመሆን ይበቃል። መሪያችሁም አዲስ ከሆነ ሌላ ነገር አታምጡበት። ቢያንስ አምስት ስድስት ጊዜ አብራችሁ ከተጫወታችሁና መሪያችሁ «እስኪ እንየው» የሚል ሰው ከሆነ የብራናውን ውሰዱ፤ ለሁለት ቅዳሜ ሞክራችሁ ካልሆነ ወደ ዕውቀቱ ለመመለስ አስቀድማችሁ ተስማሙ። ቡድናችሁ ከመዋጋት ይልቅ መደራደር የሚወድ ከሆነና እናንተም ከብዕሩ ይልቅ ክርክሩ የሚጥማችሁ ከሆነ የአንደበት ኮሌጅ ነው፤ ያን ጊዜ ግን ጸሐፊ ነኝ ማለቱን ተዉትና ጠበቃ ነኝ በሉ። የመናፍስቱን ለሻማ ብርሃንና ለክረምት ማታ አቆዩት።

ሁለት ትናንሽ ነገሮች። ባለ ብዙ ገጽ ዳይስ በሱቅ ካላገኛችሁ ከ1 እስከ 20 የተጻፈባቸው ትናንሽ ወረቀቶች በሲኒ ውስጥ አስቀምጦ ማውጣት ይሠራል፤ የወጣውን ወዲያው መመለስ ነው እንጂ። ለክታቡ ደግሞ የደብተር ወረቀት አትጠቀሙ፤ ከኋላ ያስነብባል። እኛ የሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ቆርጠን ነው የምንጽፍበት፤ ብራናም ይመስላል።

ጓደኛችን አሁን ስድስተኛ ደረጃ ላይ ናት። ባለፈው ቅዳሜ፣ ፀሐይ ከሐይቁ ማዶ ስትጠልቅ፣ ያንን ስሙን የማይናገር ሌባ አስጠግታ አንድ ክታብ ሰጠችው። ወደ ንጉሡ ግምጃ ቤት ሊገባ ነው። ምን እንደጻፈች ማንም አላየም። ሌባው ሲኒውን አንሥቶ እጁን ከመክተቱ በፊት መብራት ሄደ፤ እማማም «በሉ፣ መሽቷል፣ ባጃጅ ሳይጠፋ ሂዱ» አሉ። ክታቡ እስካሁን ከእማማ ሲኒ መደርደሪያ ላይ፣ እንደታጠፈ ተቀምጧል።